የገንዳው ክዳን

ስካርንቢ፣ ኖርፎክ
ፌብሩዋሪ 1978

ውድ እህቴ ኢዳ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሐኪሞቹ ከፋሲካ አታልፊም እንዳሉሽ፣ ስትሞቺም ከልጅሽ ከሉዊስ አጠገብ መቀበር እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ለእኔም ከእሱ በሌላው በኩል ቦታ እንዲያዝልኝ ለቄሱ ነግረሻል። «ለልጄ አንድ ነገር ያደረግህለት አንተ ብቻ ነህ፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በወጉ አላመሰገንኩህም» ብለሻል።

ምስጋናውን ተቀብዬ ዝም ልል አሰብኩ። ሁለት ቀን ሞከርኩት። አልሆነልኝም።

ሉዊስ የተወለደ ዕለት በረዶው አጥሩን ውጦት ነበር። ባልሽ ሬጂ መንገድ ተዘግቶበት ኖሪች ቀርቷል፤ አዋላጇም መምጣት አልቻለችም። ያዋለዱሽ ጎረቤታችን ወይዘሮ ላርተር ናቸው። ልጁ ረፋድ ላይ ተወለደ። እኩለ ቀን ሲሆን ከንፈሩ ጠቆረ። ወይዘሮ ላርተር አንድ ጊዜ አዩትና ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አንስተው በሾርባ ሳህን ውሃ ቀዱ።

«ና ሆራስ፣ ለሚሞት ሕፃን ማንም ያጠምቃል፤ የጥምቀቱን ቃል አንተ በለው። እኔ እንዳልሳሳት።»

«በሾርባ ሳህን?»

«ታዲያ በምን? ልጁ እንደሆነ ሳህኑ ምን ሲበላበት እንደነበር አይጠይቅህ።»

«በእኛ ቤት በሳህን የተጠመቀ ሰው የለም።»

«ያንን ድንጋይ አግብቷል ሲሉህ ሐሜት ይመስለኝ ነበር» አሉኝ።

አንቺ ከአልጋሽ ላይ «ሆራስ እንዳለው ይሁን» አልሽ። እንደዚያ ያልሽው ስለምታምኚኝ ነው።

ድንጋዩን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የጥምቀት ገንዳ፣ ታውቂዋለሽ። አባታችንም፣ አያታችንም፣ እኔና አንቺም የተጠመቅነው እዚያ ነው። ስምንት ገጽ አለው፤ የጥምቀት ሥርዓት በተቀረጸበት ገጽ ላይ የቄሱንም የሕፃኑንም ፊት በድሮው ጊዜ ምስል የሚጠሉ ሰዎች በመሮ ፍቀውታል። ከቀረው ቅርጽ ላይ አቧራውን በዝይ ላባ የምጠርግ እኔ ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ክዳኑንም ከእኔ በቀር ማንም እንዲያነሳው አልፈቅድም ነበር፤ ሁለት ሰው ቁመት ያለው የወይራ ያህል የከበደ የኦክ እንጨት፣ በገመድና በመዘውር ወደ ላይ የሚሳብ። ይህን ሁሉ እንደ ማዕረግ ነበር የማየው።

ወይዘሮ ላርተር ውሃውን በመድኃኒት ጠርሙስ ገልብጠው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተቱልኝ። «ገንዳህ ባዶ ነው፤ ይህን ያዝ። ደግሞም ቶሎ በል» አሉኝ። ልጁን ደረቴ ላይ አድርጌ ካፖርቱን ቆለፍኩበትና ወጣሁ። በአሥር ደቂቃ የማቋርጠው ማሳ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሲተነፍስ በሸሚዜ በኩል ይሰማኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ስገባ ገመዱ በረዶ ሆኖ እንደ ብትር ደርቋል። ጣሪያው ያፈስ ነበር። ልጁን በካፖርቱ ጠቅልዬ የኋለኛው አግዳሚ ላይ አስተኛሁትና በሁለት እጄ ሳብኩ። መዘውሩ አልዞር አለ። ወንበር ላይ ወጥቼ በመቅረዝ ደበደብኩት። ልጁ በዚህ ሁሉ ቀጭን ድምፅ ያሰማ ነበር፤ እንደ ድመት ግልገል። ድምፁ መቼ እንደቆመ አላውቅም። እኔ ገመዱ ላይ ነበርኩ።

ክዳኑ ተነሳ። ዘወር ስል ልጁ ሞቷል።

ውሃው ልጁ በተጠቀለለበት ካፖርት ኪስ ውስጥ ነበር፣ ኢዳ። ገና ለብ እንዳለ ነበር። በሩ ላይ ግንባሩ ላይ ላፈስበት እችል ነበር፤ ማሳው መሃል እንኳ እችል ነበር። አላሰብኩትም ብልሽ ውሸት ነው። አስቤዋለሁ። እንደዚያ አይደረግም ብዬ ነው የተውኩት።

ከዚያ ገንዳው ላይ ያዝኩትና አፈሰስኩበት። «ሉዊስ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» አልኩ። ቃሉ ትክክል ነበር። የሚሰማው ግን አልነበረም።

ቤት ስመለስ «ተጠመቀ?» አልሽኝ። «ተጠመቀ፤ ስመለስ መንገድ ላይ ነው ያረፈው» አልኩሽ። ወይዘሮ ላርተር የልጁን እርጥብ ፀጉር ዳሰሱ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ጎትተው ወሰዱኝ።

«የሞተው ከጥምቀቱ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ።»

«ዓይኔን እያየህ በለኝ።»

አላየኋቸውም። «እንግዲህ አንዴ ብለኸዋል፤ እስከ መቃብርህ እንደዚሁ በል» አሉኝ። እሳቸው እስከ መቃብራቸው ዝም አሉ።

ቄስ ካችፖልም መንገዱ ሲከፈት መጥተው ውሃው ሲፈስበት ይተነፍስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። አይደለም ብል ኖሮ እንዳልተጠመቀ ተቆጥሮ ያለ ጸሎት በሰሜን በኩል አጥሩ ሥር ይቀበር እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። መዝገቡ ላይ ጻፉት፤ በደቡብ በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኝበት፣ በሙሉ ጸሎት ተቀበረ። ለዋሸሁት አልጸጸትም። የምጸጸተው ለሌላው ነው።

ቤት ቢቀር ይተርፍ ነበር ወይ? ወይዘሮ ላርተር እስከ ማታ አይደርስም ነበር ብለውኛል፤ ግን እሳቸው ሰው ማጽናናት ያውቁበት ነበር። ቢያንስ እቅፍሽ ውስጥ ይሞት ነበር። ቢያንስ በሾርባ ሳህን ተጠምቆ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከበረዶው በፊት መዘውሩን ሞራ እቀባዋለሁ። ዛሬ ክዳኑ በአንድ እጅ ይነሳል።

ስለ ቦታው አንቺ ወስኚ። ለአዲሱ ቄስ ምንም አልነገርኩም፤ ሉዊስን ካለበት የሚያነሳው የለም፤ ዛሬ ይህን የሚጠይቅም የለም። እኔን ከልጅሽ አጠገብ ካልፈለግሽኝ ለቄሱ አንድ መስመር ጻፊላቸው፤ ምክንያት አይጠይቁሽም። በሰሜን በኩል አጥሩ ሥር ቦታ አለ። ሣሩን የማጭደው እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።

ወንድምሽ
ሆራስ