በእናቴ ጓሮ የሚያልፈው መንገድ

ሰኞ
የአዲሱ መንገድ ችካል እናቴ ጓሮ ውስጥ አረፈ። መሬቱን የለካሁት እኔ፣ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ። ሌላ ምርጫ የለም። ሰፈራችን መውጫ የለውም፤ የእማዬ አጥር ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከገበያ ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በአስፋልቱ ይዞራል፣ ከባጃጅና ከአህያ ጋር እየተጋፋ።

ከሥራ ስመለስ ነገርኳት። "የኔን አጥር? አባትሽ የተከለው ወይራስ?" አለችኝ። እራትም አልበላች።

ማክሰኞ
ወሬው ማዘጋጃ ቤት ቀድሞኝ ገብቷል። አንዱ ባልደረባዬ፣ "ቀያሿ ለእናቷ ስትል መስመሩን ታጎብጠዋለች" ሲል ሰማሁት። ባጎብጠውስ ወዴት? በግራ ገደል፣ በቀኝ የትምህርት ቤቱ ግንብ።

አለቃዬ ረጋ ያለ ሰው ነው። "እናትሽ በፈቃዳቸው ካልሰጡ አንነካውም" አለ። ቀለል አለኝ፤ ግን ጭንቀቴ አልለቀቀኝም። እሺ ብትል ያስገደድኳት ይመስለኛል። እንቢ ብትል መንገዱ ቀረ።

ረቡዕ
ዛሬ የምትፈራውን ነገረችኝ፦ ባጃጅ፣ አቧራ፣ ሌባ። ከሁሉ በላይ ወይራው። የእግረኛ ብቻ ነው አልኳት። ባጃጅ እንዳያልፍ በሁለቱም አፍ ድንጋይ ይተከላል፤ ወይራው መሃል ላይ ቆሞ ሰው በግራ በቀኙ ያልፋል። "ምላስሽ ጤፍ ይቆላል" አለችኝ።

ለካ እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ይሰሙናል። የእማዬ አብሮ አደግ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዞረው መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። "አንቺ ጥሩዬ!" ብለው ተጣሩ። "በአጥር ስንጯጯህ ልንሞት ነው? ክፈቺውና ዓይንሽን ልየው!"

እማዬ ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ፣ "ወይራው ከተነካ ግን ማርያምን፣ ችካልሽን ነቅዬ ነው የማነደው!" አለችኝ።

ሐሙስ
በጠዋት ራሷ ማዘጋጃ ቤት መጣች። እኔን እንደማታውቀኝ ሆና በቀጥታ አለቃዬ ዘንድ ገባች። ስትወጣ አለቃዬ እስከ በር ሸኛት።

ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩን ሊያፈርስ ወጣ። የመጀመሪያውን እንጨት የነቀለችው እማዬ ናት። ያ ያማኝ ባልደረባዬም ዶማ ይዞ መጣ። ሲደክመው ውኃ ሰጠሁት።

አጥሩ ሲወድቅ እትዬ ብርቄ በምርኩዛቸው ቆመው ነበር። "አርጅተሻል!" አሏት። "አንቺስ!" አለች እማዬ። ተቃቅፈው ቀሩ።

ዓርብ
ድንጋይ ሲነጠፍ ዋለ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ወደ መንገዱ መስኮት ከፈተ። በሰፈራችን ዜማ የሚያስተምሩት መምሬ ደግሞ ከወይራው ሥር መቀመጫ ይሠራ አሉ፤ ተማሪዎቻቸው ከጥላው አረፍ ብለው ዜማ እንዲቀጽሉ። መንገዱን የሚያዋስነው ግድግዳ ሁሉ አንድ ቀለም ይሁን፣ አይሁን የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። እንደየምርጫችሁ ቅቡ ብዬ ገላገልኩ።

ድንገት ዝናብ ጣለና እትዬ ብርቄ ደጃፍ ውኃ ተኛ። ንጣፉን አንሥተን ቁልቁለት ሰጠነው። ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን እንጃ።

ቅዳሜ
ሰው አለፈበት! ዶሮ የያዘች ሴት ቆም ብላ፣ "ይሄ መንገድ ከየት መጣ?" አለች። አንድ ባጃጅ ሊገባ ሞክሮ ድንጋዩ አገደው። እማዬ ብቅ ብላ ሹፌሩን ልክ ልኩን ነገረችው። ልጁ እየሳቀ ወደ ኋላ ተመለሰ። መቀመጫው ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሲያንጎላጁ ነበር።

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤቱ ዝግ ነው። እማዬ የለችም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ያለ እኔ ከደጅ ርቃ አታውቅም፤ ደነገጥኩ። መንገዱን ሳቋርጥ ሳቋን ሰማሁት። እትዬ ብርቄ ቤት፣ ከአንድ ገበታ ቀርባ ስታወጋ አገኘኋት።

"እኔ እዚሁ በልቻለሁ" አለችኝ ዞር ብላ። "አንቺ ሄደሽ ያለውን ብዪ።"

ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። እንዲህ የጣፈጠኝ ምሳ ትዝ አይለኝም።