በብረት ሣጥን ውስጥ ስለተኛችው የወንዝ ጠባቂ

ለተከበሩ የወንዝ ዳር ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጣቢያ ኃላፊ
አቃቂ

ግልባጭ፦ በድልድዩ አጠገብ ባለው ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? ቢሮዎ በሁለት በኩል መስኮት ያለው፣ አንዱ ንፋስ ሲያስገባ ሌላው የሚያስወጣ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ፣ ቢያንስ በመታፈን እንደማይታመሙ አውቄ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። ክረምቱም ደህና ነው፤ በየቀኑ እየበረታ ነው።

ወልደሰንበት ቢራ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማድረቂያ ክፍል የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ሚስቴ ጠጄ ከሞተችብኝ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢም አውጥቼ፣ ከሥራ መልስ በማታ ክፍል ነው። ስለዚህ የፊደል ግድፈት ቢያገኙብኝ ይታገሱኝ፤ በሙቀት ነገር ላይ ግን ግድፈት አያገኙብኝም። የሰፈሩ ልጆች «አባባ፣ እኛ በኮምፒዩተር እንጻፍልዎ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የሰፈራችን አንዷ ኮምፒዩተር ያለችበትን ሁኔታ ካየሁ ወዲህ ሌላ ኮምፒዩተር በሥራ ማድከም አልፈለግኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቴ ከወንዙ ጠርዝ ሃያ ሰባት እርምጃ ይርቃል። እዚያ ቤት ውስጥ የሟች ሚስቴ ታናሽ እህት አሰፋች ተኝታለች። ወገቧን ከተመታች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ መቆም ቀርቶ መቀመጥ አትችልም። እሷን ከአልጋዋ አንስቶ በቃሬዛ እስከ ላይኛው አስፋልት ለማድረስ አራት ሰውና ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሠላሳ። ጠጄ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «አሱን ለውሃው እንዳትተውብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ለሚስቴ ነውና ወረቀትና ማኅተም የለኝም።

ጣቢያዎ አምና ሲመረቅ የተነገረንን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ከላይኛው ድልድይ ላይ የተተከለው መለኪያ የውሃውን ከፍታ በስልክ መስመር ይልካል፤ እርስዎ ቢሮ ያለችው ትንሽ ኮምፒዩተር ትቀበላለች፤ ውሃው ቀዩን መስመር ሲያልፍ ሳይረኑን ታስጮኸዋለች፤ ከዚያ ውሃው እኛ ዘንድ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ አለ ተባልን። አርባ ደቂቃ ማለት አሰፋችን አውጥቼ፣ አሥር ደቂቃ ተርፎኝ፣ አስፋልቱ ላይ ትንፋሼን መሰብሰብ ማለት ነው። ያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቢሮ ዕቃ ተነስቼ አጨበጨብኩ።

አሁን ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ኮምፒዩተሯ ከዳዊት መጽሐፍ ጥቂት ሰፋ የምትል፣ ደቃቃ፣ ነገር ግን ታታሪ ፍጥረት ናት። ሠሪዎቿ ያበጇት በጎኗ እንድትቆም ነው። አንዱ ጎኗ በትንንሽ ቀዳዳ የተሞላ ሲሆን ቀዝቃዛውን አየር በዚያ ትስባለች፤ ሙቁን ደግሞ በአናቷ ታስወጣለች። የእርስዎ ንብረት ክፍል ግን ዕቃዋን ሲረከብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ለካትና «ቁመት፦ አራት ሳንቲ ሜትር» ብሎ መዘገበ። ብትቆም ቁመቷ አሥራ ዘጠኝ ይሆናል። «ኦዲተር ሲመጣ ንብረቷ በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር አደገች ልንል ነው ወይ?» ብለው የንብረት ሠራተኛዎ ጠይቀውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ንብረት ሲጎድል እንጂ ሲያድግ ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ መሠረት አፍንጫዋን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ተኝታለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አላልኩም፤ አሉ ነው ያልኩት።

፪ኛ፦ ሌባ እንዳይወስዳት ከላሜራ የተበየደ ሣጥን አሠርተውላታል፤ ጓጉንቸሩም የእጄን መዳፍ ያክላል። በያጁ ሳዲቅ፣ ጎረቤቴ ነው፣ መጀመሪያ ከታችና ከላይ ቀዳዳ አበጅቶለት ነበር። «በቀዳዳው ሽቦ አስገብተው ይጎለጉሏታል» ተብሎ በትእዛዝ ደፈነው። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁትና ምን ሠርተህ መጣህ ብለው፣ «ጋሼ፣ ድስት ነው የሠራሁት፤ የቀረው ሽንኩርት መክተፍ ብቻ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ስቄያለሁ። አሁን አልስቅም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በማድረቂያ ክፍል ውስጥ አየር ከታች ይገባል፣ ጨርቁን ነክቶ ይሞቃል፣ ከላይ ይወጣል። አንድ ቀን አለቃችን «ሙቀት በከንቱ እየወጣ ነው» ብሎ የላይኛውን መውጫ አዘጋው። አየሩ መሄጃ ሲያጣ ያንኑ የሞቀውን ራሱን እየደጋገመ ያሞቀው ጀመር። ሺፍቱ ሳያልቅ ሦስት መቶ ሜትር አቡጀዲ አረረ። ማራገቢያው ግን እስከ መጨረሻው በደንብ ይዞር ነበር። የሚዞር ሁሉ አያቀዘቅዝም። ይህን እኔ የተማርኩት በአቡጀዲ ነው፤ እርስዎ በምን ሊማሩት እንደሆነ ሳስበው ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

፫ኛ፦ ባለፈው ግንቦት በቃል አቤት ስል ወዲያው መፍትሔ ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትልቅ ቬንትሌተር ተገዝቶ ከሣጥኑ ፊት ቆመ። ውስጥ ያለችው ታፍና ውጭ ያለው ላሜራ ንፋስ ይቀበላል። ቬንትሌተሩ ግራና ቀኝ የሚዞር ስለነበር ግማሹን ጊዜ የእርስዎን ወንበር ይጎበኝ ነበር። ሰሞኑን ስመጣ መዞሩን አቁሟል። ወዴት ዞሮ እንደቆመ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም።

፬ኛ፦ የጣቢያዎ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ የአብስራ የምትባለው ልጅ፣ ነገሩ ገብቷት ነበር። አንድ ረፋድ ሣጥኑን ከፍታ፣ ኮምፒዩተሯን በጎኗ አቁማ፣ ከሥሯ አራት የለስላሳ ቆርኪ አድርጋ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቀቻት። እኔ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። ተኝታ በሣጥን ውስጥ ሳለች ዘጠና ስምንት ዲግሪ የነበረው የውስጧ ሙቀት፣ ቆማ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስድሳ አንድ ወረደ፤ እንደ ንብ ትጮህ የነበረችውም ዝም አለች። ልጅቷ ዞር ብላ «አባባ፣ ሲበዛባት እኮ እንዳትቃጠል ብላ ራሷን ታጠፋለች። ጥፋቷ አይደለም፤ ነፍሷን ማዳኗ ነው» አለችኝ። «የእኛንስ ነፍስ?» አልኳት።

በሳምንቱ «ያለ ፈቃድ ንብረት በመክፈትና ባዕድ ነገር በማስገባት» ተብሎ ልጅቷ ወደ ኮዬ ፈጬ ተዛወረች፤ ኮምፒዩተሯም ወደ ሣጥኗ ተመልሳ ተኛች። ባዕድ ነገር የተባሉት አራቱ ቆርኪዎች ናቸው። በፖስታ ታሽገው በማስረጃነት መቀመጣቸውን የጣቢያው ጥበቃ ጉዲሳ ነግሮኛል። ከጣቢያዎ ዕቃ ሁሉ በሚገባ ሥራቸውን የሠሩት እነሱ ብቻ ስለነበሩ፣ በክብር በመቀመጣቸው ደስ ብሎኛል።

፭ኛ፦ አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የእኛ ወንዝ ጠባይ እርስዎ ለቦታው አዲስ ስለሆኑ ምናልባት አልተነገረዎትም። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ከተማ ነው፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። ሰው ልብስ አጥቦ ባሰጣበት፣ ልጆች ዳር ላይ በሚጫወቱበት ጠራራ ነው ውሃው የሚመጣው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእኛ ተረት አይደለም። የጣቢያዎ ቆርቆሮ ጣራም የሚግለው በዚያው ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሯ ጠዋት ሙሉ፣ ምንም በሌለበት፣ በትጋት ትጠብቃለች፤ ውሃው በሚነሳበት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታፍና ትጠፋለች።

ሰኔ ፲፱ በጣቢያዎ ምሰሶ ላይ ኮምፒዩተሯ ስትሠራ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ጠፋ። ሳይረን የለም። ውሃው ዘጠኝ ተኩል ካለፈ በኋላ መጥቶ የደጄን ሁለተኛ ደረጃ ላሰ። ሰኔ ፳፯ መብራቱ እንደገና ጠፋ። ያን ቀን ውሃው ቤት ገብቶ የአሰፋችን አልጋ እግር ነካ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «ወልዴ፣ ምንድነው የሚንሿሿው?» አለችኝ። «ዝናብ ነው» አልኳት። በመስኮት ፀሐይ ይገባ ነበር። ብርሃኑን አየችው፤ ከዚያ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ጉዲሳ በዚያ ሰዓት ስልክ ደውሎ መብራቱ መጥፋቱን ሲናገር፣ «ስትቀዘቅዝ ትነሳለች» ተባለ። እውነትም አመሻሹ ላይ ተነሳች፤ ውሃውም ሄዶ ነበር። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፈው የሰኔ ወር ሪፖርት ነው። «በወሩ ውስጥ ምንም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አልተመዘገበም፤ በመሆኑም ጎርፍ አልተከሰተም» ይላል። እርጥቡን ፍራሽ ይዤ መጥቼ ላሳይዎ አስቤ ነበር፤ በሪፖርቱ መሠረት ደረቅ ሊሆን ስለሚችል ተውኩት።

፮ኛ፦ ይህ የመጨረሻው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ኮራ ብዬ የሰው ስም ስዘረዝር የራሴን ብደብቅ ነውር ነው። ለምረቃው ቀን፣ ያቺ ኮምፒዩተር ራቁቷን ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ለዓይኔ አልጥም አለችኝ። እቤት ሄጄ ጠጄ በእጇ የሠራችውን፣ ሃያ ዓመት ቴሌቪዥናችንን ያለበስንበትን ነጭ ዳንቴል አምጥቼ በገዛ እጄ አለበስኳት። ሁሉም አጨበጨበ። ዳር ዳሩን አስተካክዬ፣ ቀዳዳዎቿን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ሸፈንኳቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሙቀት ጋር የኖርኩት ሰውዬ! ዕቃ ማልበስ ክብር ነው ብለን ስላደግን፣ እያፈንኳት መሆኑ አልታየኝም። የአብስራ አውልቃው ነበር። «በስጦታ የተመዘገበ ነው» ተብሎ መልሳ ለበሰችው። አሁን ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከጀርባዋ ላይ ነው። ጠጄ ስለ እህቷ አደራ ብላኝ ሞተች፤ የእህቷን ማስጠንቀቂያ ካፈኑት አንዱ የጠጄ የእጅ ሥራ ነው፤ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአሰፋች አልነገርኳትም። ዳንቴሉን ይመልሱልኝ። ለዚህ የሚሞላ ቅጽ ካለ እሞላለሁ፤ ስሜን ጽፌ መፈረም እችላለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ምስጋና ካልጨመርኩ አሳዳጊ የበደለኝ እሆናለሁ። ሌባ ስላልሰረቀን አመሰግናለሁ። መዝገቡ ከዕቃው ጋር ስለሚስማማ አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ «ነገ ይመለሱ» ተብዬ በመመላለሴ ጉልበቴ ስለተፍታታ አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ ለመሮጥ ያስፈልገኛል።

ኮምፒዩተሯን በጎኗ ያቁሟት፤ ሣጥኑን ሳዲቅ ይብሳው፤ ዳንቴሉ ይነሳ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መሰርሰሪያና ግማሽ ቀን ነው። እስከዚያው ግን እኔ አልጠበቅኩም። ከድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የተገኘ የአንድ ክንድ ሐዲድ አለኝ፤ ደጄ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ በሰንሰለት ሰቅዬዋለሁ። የፋብሪካ ሺፍት ደወል ድሮ እንዲህ ነበር፤ እስከ ማዶ ይሰማል። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ላይኛው ድልድይ ላይ ቆሞ የሚያይና ስልክ የሚደውል ሰው በተራ መድበናል። ሐዲዱ ሲሞቅ አይጠፋም፤ ቁመቱንም የመዘገበው የለም።

ለጤናዎ፣ ለወንበርዎ፣ ለመስኮትዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንዙ ሃያ ሰባት እርምጃ ርቄ፣ ምናልባትም ይህ ሲደርስዎ ከዚያ ቀርቤ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሳዎ፣

ወልደሰንበት ቢራ
(በገዛ እጁ የጻፈ)
ሐምሌ ፬ ቀን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላጥፍ ስል ቀና ብዬ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐዩ ይፋጃል፤ በላይ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። የምሰሶዎ አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል። ከድልድዩ ተደውሎልኛል፤ አራቱ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው ገብተዋል፤ እኔም ወደ ሐዲዱ እየሄድኩ ነው። ጣቢያዎ ከእኔ ቤት አራት ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ መሠራቱን፣ ክረምቱም ከሰኔው መበርታቱን ስለማውቅ፣ ሦስት ምት ለሰፈሩ ከመታሁ በኋላ አንዱን ለእርስዎ ብቻ እመታለሁ፤ ሲሰሙ ይውጡ። ስለ ኮምፒዩተሯ ግን አይስጉ። ጓጉንቸሩ ጠንካራ ነው፤ ውሃው ሲጎድል እዚያው ተኝታ ያገኟታል። ቢለኳት አራት ሳንቲ ሜትር ናት።