ቀና ብሎ ለመቆም፦ የመምህር የኔሰው ገብረ ዮሐንስ የሕይወት ታሪክ

መምህር የኔሰው ጠዋት እንደነቁ ወዲያው አይነሱም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም እግሮቻቸውን መሬት ያስነካሉ፤ ትከሻቸውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይቆማሉ። አንዴ ከቆሙ ግን መቀመጥ አይወዱም። ቁርሳቸውን እንኳ የሚበሉት ከበር እስከ መስኮት እየተመላለሱ ነበር።

ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ቢሆነኝ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባንችይርጋ ደሳለ ጥቅምት 12 ቀን 1984 ዓ.ም. በላስታ፣ ገነተ ማርያም ተወለዱ። ገና ዳዴ ሳይሉ ጭናቸው ተሰበረ። እስከ ሰባት ዓመታቸው አምስት ጊዜ ተሰብረው ከወጌሻ ወጌሻ ከተንከራተቱ በኋላ፣ አጥንታቸው ከልደት ጀምሮ ተሰባሪ መሆኑ ደሴ በሄዱበት ሕክምና ታወቀ። ቤተሰቡ ሳስቶላቸው ከመደብ እንዳይወርዱ ቢከለክላቸውም የሰው ዐይን ዘወር ሲል ይወርዱ ነበር። አባታቸው ተሸንፈው፣ ሲያድግ ይደርስበታል በማለት የአያታቸውን መቋሚያ ሰጧቸው። ቁመታቸው ግን አልደረሰበትም። መቋሚያው ብብታቸው ሥር እየገባ ቀኝ ትከሻቸውን ሽቅብ ሰቀለው፤ ጀርባቸውም ዓመት በዓመት ተጣመመ።

በ2004 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይታቸው፣ «በትሩ ነው የቆመው፤ አንተማ ተንጠልጥለሃል» አለቻቸው። መቋሚያው ይቆረጥ ሲሉ መሪጌታ «ማኅሌት የቆመን በመጋዝ?» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። በስምንተኛው ቀን በገዛ እጃቸው ስንዝር ተኩል ቆርጠው፣ «በል፣ አሁን ቁም» አሏቸው። የመምህሩ ጀርባ ግን እንደ በትሩ በአንድ ቀን የሚስተካከል አልነበረም።

በ2006 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመርቀው በኮን፣ ቀጥሎም በላሊበላ አስተማሩ። በ2009 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰብሌ ምስጋኑ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን የትናየትን ወለዱ። የትናየትም የአባቷን አጥንት ወረሰች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልነበራቸውም። ልጃቸውን፣ እንዲሁም ይኸው ሕመም ያለባቸውን ሰርክአዲስና አዳም የተባሉ ሁለት የሰፈር ልጆች በግቢያቸው ሰብስበው፣ መጀመሪያ ግድግዳ ይዘው፣ በኋላም ለቀው ሚዛናቸውን ጠብቀው መቆምን ያለማምዷቸው ነበር። ጎረቤታቸው ወ/ሮ አሰለች፣ «መምህር፣ ብርጭቆ ሊያስጨፍሩ ነው?» ሲሏቸው፣ «ብርጭቆስ ቢሆን የሚያምረው ቆሞ አይደል፣ እትዬ?» ይሉ ነበር። እንደ እርሳቸው ሳይጣመሙ ሊደርሱላቸው ይቸኩሉ ነበር።

የተጣመመው ጀርባቸው ሳንባቸውን እያጠበበው ሄደ። ሐኪም ዕረፍት ቢያዝላቸውም ወንበር አስጠግተው ልጆቹን ማለማመዳቸውን አልተዉም። በሳንባ ምች ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ34 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በገነተ ማርያም ይፈጸማል።

ወላጆቻቸው፣ ባለቤታቸውና የስምንት ዓመት ልጃቸው በሕይወት አሉ። አምላክ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ጋር ቀና አድርጎ ያቁምልን።

ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። የልጆቹን ጀርባ አይቶ፣ ገና ሳይጣመም የሚያውቅላቸው ሰው አሁን የለም።