የዳማ ብስኩት

ቺሮ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጌዲዮን፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአክስትህ ልጅ ማቲዎስ ነው። ወደ ጆሃንስበርግ ሊነሳ ሲሰናበተኝ «የምትወስድልኝ ደብዳቤ አለ» ስለው «ስልክ እያለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስልክ ላይማ «ደህና ነን» «ደህና ነን» ተባብለን ነው የሚያልቀው። አንተም እዚያ ደንበኛ ቆሞብህ፣ እኔም እዚህ ስልኩን ሚዛኑ ላይ አስደግፌ ስኳር እየመዘንኩ ጮክ ብዬ ሳወራ። ይህን ነገር ግን ቁጭ ብዬ ልነግርህ ፈለግሁ።

ሱቁ ደህና ነው። ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል፤ ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ጉም መናኸሪያውን ይውጠዋል። ጫት የጫኑት መኪኖች ግን እንደምታውቃቸው ናቸው፣ ለጉምም ለሰውም አያዝኑም። የመጋዘኑን ጣሪያ አስቀይሬያለሁ። ጉልበቴ መሰላል ላይ ስወጣ እንቢ ስላለኝ ላይኛው መደርደሪያ የሚስትህ የፀደይ ሥራ ሆኗል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በገና ጾም መግቢያ ደውለህ፣ «ፀደይ እኔን አትጠብቅ፤ ገለምሶ እናቷ ዘንድ ትመለስ፤ አንቺ ንገሪያት» ብለኸኝ ነበር። እኔም በዓሉ ይለፍና እነግራታለሁ አልኩህ። በዓሉ አለፈ፤ አልነገርኳትም። ያለ ምክንያት ቃሌን እንደማላጥፍ ታውቃለህ፤ ምክንያቱን እነሆ።

ውሻህን ዳማን ታስታውሰዋለህ። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠህ ሙዝ ስትበላ ግማሹን ለእሱ ትሰጠው ነበር፤ እኔም «ሙዝ የሚበላ ውሻ ምን ሌባ ይይዛል?» እያልኩ እቆጣህ ነበር። ስለ እሱ ያልነገርንህ ነገር አለ። ዓምና ሰፈራችን ውስጥ ውሻ ያብዳል ተብሎ በሥጋ መርዝ ተጣለ፤ አንዱ ቁራጭ አጥር ዘልሎ እኛ ግቢ ወደቀ። ዳማ በላው። ፀደይ አፉን ፈልቅቃ ወተት እየጋተች አተረፈችው። ከዚያ ወዲህ ግን ግቢውን ጠላው። መርዙን ያገኘው እዚሁ ነዋ፣ በገዛ ቤቱ! ከሰፈሩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብቶ ከባዘኑት ውሾች ጋር ይኖር ጀመር። ሥጋ ብትወረውርለት እንኳ አሽትቶ ይሸሻል።

እንግዲህ በኅዳር መጨረሻ አንድ ያበደ ውሻ አህያ ነከሰና የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። «ከገና ማግስት ጀምሮ መርዝ ይጣላል፤ የተከተበና አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረለት ብቻ ይተርፋል» ተባለ። ፀደይ ከስብሰባው ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እማዬ፣ ዳማን ማምጣት አለብኝ።»

«በምን? ሥጋ አይቀበልሽ።»

«እሱን ነው የማስበው» አለችኝ።

በሁለተኛው ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና ቪዲዮ አሳየችኝ። የሆነ አገር ሴቶች ለበዓላቸው ለውሻ በፍራፍሬ ብስኩት ይጋግራሉ። ውሻው ሹራብ ለብሷል፤ እውነቴን ነው። በጣም ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ዳማ ሙዝ ይወድ አልነበር?» አለች። ያኔ ሳቄን ተውኩ። የሚሆን ነገር ስሰማ አውቃለሁ።

ፓፓያ ከቦርደዴ የምታመጣዋን ሹክሪያን ታውቃታለህ። ፀደይ የበሰለ ፓፓያና የጠቆረ ሙዝ ስትመርጥ አይታ ለማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ለውሻ ነው ስትላት ገበያው እስኪሰማ ጮኸች፦ «ያ ረቢ! እኔ ቤት ልጆቼ ብስኩት አላዩ፣ አንቺ ለሳሬ ትጋግሪያለሽ!» ሳሬ ያው በእነሱ ቋንቋ ውሻ ነው።

«ልጆችሽንም ላኪያቸው፣ ይደርሳቸዋል» አለቻት ፀደይ።

«ዋ! ልጆቼን ከሳሬ ጋር በአንድ ትሪ!»

ሲመሽ ግን ያልተሸጠውን ፓፓያ በዘንቢል ሞልታ በነጻ ላከችልን። ሰው እንዲህ ነው፤ በአፉ ይሰድብሃል፣ በእጁ ይሰጥሃል።

ፀደይ ፓፓያውን ቀጭን ቀጭን አድርጋ በፀሐይ አደረቀችው። ሙዙን ፈጨች፤ የማሽላ ዱቄትና የተወቀጠ ኦቾሎኒ ጨመረች። እኔ ለጋስ ልሁን ብዬ ከሱቅ ዘቢብ ባመጣላት እጄን ያዘችኝ፤ ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው አለች። ስኳርም ጨውም የለውም። በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ቆረጠችው። ቤታችን ምድጃ ስለሌለ ወደ አብዱልቃዲር ዳቦ ቤት ሄድን። እኔ አብሬያት የሄድኩት እንዳይመልሳት ብዬ ነበር፤ አላስፈለግሁም።

«ውሻው ምድጃዬ ውስጥ አይገባም?» አላት አብዱልቃዲር፣ ጺሙን እያሻሸ።

«አይገባም።»

«ትሪዬን አይልስም?»

«የራሴን ትሪ ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ዳቦዬ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሙቀት የአላህ ነው። አምጪ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ነው ያየሁት። የመጀመሪያውን ቀን ብስኩቱን ባሕር ዛፉ ጫፍ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ዞር ብላ አላየችም። ለሌሎቹ ውሾች፣ ዳማን እንዳይሻሙት፣ ራቅ አድርጋ ለብቻ በተነችላቸው። በማግስቱ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ቀጥላ ትንሽ ወደ ታች አስቀመጠች፣ ከዚያ ቦዩ ማዶ፣ ከዚያ ቦዩ ወዲህ። አንድ ቀን እኔ ቸኩዬ ከአጥራችን ሥር ካላስቀመጥሽ ብዬ ጨቀጨቅኳት።

«ገና ነው እማዬ። ዛሬ ካስቸኮልኩት ነገ ድንጋዩም ጋ አይመጣም።»

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነግጃለሁ። ገዢ ሲያመነታ ዝም ብሎ መቆም የሚችል ሻጭ ብዙ አላየሁም። አንዱ ዋጋ ይቀንሳል፣ አንዱ እጅ ይጎትታል፣ አንዱ ይሳደባል። ይህች ልጅ ግን ዝም ብላ ትቆማለች። ማታ ሱቅ ዘግቼ የዕለቱን በማስታወሻዬ ስጽፍ፣ ያን ሰሞን ከሸቀጡ ይልቅ ውሻው በዛበት።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፊሊጶስ ወደ ሱቅ ጎራ አሉ። ጾም ነው፤ ሻይ አቀረብኩ፤ ከሻይ ጋር የሚቀርብ የጾም ነገር ብፈልግ ትሪው ላይ የተደረደረ ብስኩት አየሁ። እንቁላል የለው፣ ወተት የለው። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ አቀረብኩላቸው። የዳማ መሆኑ ጨርሶ አልታየኝም፤ ጾም መሆኑን ብቻ ነው ያሰብኩት። አንዱን በሉ፤ ደገሙ። ፀደይ ከጓዳ ስትወጣ ሦስተኛውን ይዘዋል።

«ይህን አንቺ ነሽ የጋገርሽው?» አሏት። «ስኳሩን ቆጥበሽዋል እንጂ ጥሩ እጅ ነው።»

ፀደይ እኔን አየች፣ ትሪውን አየች። ዋሽታ ልታልፈው ትችል ነበር። «ጋሼ፣ ለዳማ ነው የጋገርኩት» አለች።

«ዳማ ማነው?»

«ውሻችን።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። አቶ ፊሊጶስ የያዙትን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀሪውን አፋቸው ውስጥ አደረጉትና አላምጠው፣ ውጠው፣ «እኔ ቤት ለገና ይህን ያህል አይደከምልኝም» አሉ። ሳቃችንን ለቀቅነው። እሷ ግን ሳቁ ሳይበርድ ገባችበት። ከት ብላ ስትስቅ የነበረችው ልጅ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው፤ «መርዙን ተዉት አልልም፤ ያበደ ውሻ አህያ ብቻ አይደለም የሚነክሰው። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ለገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ይምጣልን፤ ውሾቹን እኔ አመጣለሁ» አለች። ሦስት ብስኩት የበላ ሰው ምን ይላል? እሺ አሉ።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ዳማ እስከ አጥራችን ጥግ ድረስ ደረሰ። ከበሩ አላልፍ አለ። በዓሉ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አርዶ፣ አጥንቱ በየደጁ ተጥሎ፣ የጠገበ ውሻ ማን ይጠራዋል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሐኪሙ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቶቻችን ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ መጡ፤ ለእያንዳንዱ ፀደይ አፉ ላይ ብስኩት፣ ሐኪሙ ትከሻው ላይ መርፌ፣ ከዚያ ቀይ ጨርቅ። የብስኩቱን አሠራር ያልጠየቀቻት ሴት አልነበረችም። ዳማ ግን የለም።

«ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ቢመጣስ?» አልኳት።

«ያኔ ሳይከተብ ብጠራው ለሞቱ ነው የምጠራው። ጫካው ይሻለዋል። እስከ ምሽት ነው፤ ሲመሽ በሩን እዘጋለሁ።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተሰበረም። እኔ ነኝ የተሰበርኩት።

ፀሐይዋ ተራራው ላይ ስታዘቀዝቅ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ጀርባዋን ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ብስኩቱን በመዳፏ ይዛ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታለች። ሐኪሙ መነሻው ደርሶ ቦርሳውን እያየ ነበር። ዳማ ብቅ አለ። ከስቷል፤ አንድ ጆሮው ተቀዷል። ደፉ ላይ ቆመ። ያ ሥጋ የወደቀበትን ቦታ አየ፤ እሷን አየ። ገባ፤ መዳፏ ላይ አፍንጫውን አሳረፈ፤ በላ። ሐኪሙ ሲወጋው ጥርሱን አሳየ እንጂ አልነከሰም። ቀዩን ጨርቅ ያሰረችለት ራሷ ነች። እኔ የያዝኩትን ጭልፋ መሬት ላይ ያገኘሁት በኋላ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ሱቁ ደጃፍ፣ አንተ ሙዝ ትበላበት የነበረው ቦታ ላይ ተኝቷል።

ዛሬ ጠዋት ለማቲዎስ የምሰጠውን ዕቃ ሳሰናዳ፣ በርበሬውን፣ ሹሮውን፣ ለአንተ የገዛሁትን ሹራብ፣ ፀደይ ትንሽ ከረጢት ይዛ መጣች። ከዚያው ብስኩት ነው።

«ይህንንም ይጨምሩለት፤ ሙዝ ይወዳል» አለች።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ፀደይ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ያን ቀን ሲያወሩ ስልኩን ድምፁን ለቀው ሚዛኑ ላይ አስደግፈውት ነበር። እኔ መሰላሉ ላይ፣ ላይኛው መደርደሪያ ጋ ነበርኩ።»

ልጄ፣ አስበው። የላክህብኝን ቃል ከአፍህ ሰምታዋለች። ፓፓያ ስታደርቅ፣ ድንጋይ ላይ ስታስቀምጥ፣ አቶ ፊሊጶስን ስታስቅ፣ ያን ሁሉ ቀን እያወቀች ነው። አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። እኔ ከማን ጋር እንደምኖር ያወቅሁት ዛሬ ነው።

«ታዲያ ብስኩቱን ለምን ትልኪለታለሽ?» አልኳት።

ከረጢቱን በክር እያሰረች ነበር። «እሱ ደግሞ ሩቅ ነው ያለው። ቅርብ ባስቀምጥለት አያገኘውም።»

«እስከ መቼ?»

ክሩን ቋጠረችና በጥርሷ ቆረጠችው።

«እስከ ፋሲካ» አለች።

እንግዲህ የእኔን ቃል ስማ። የላክህብኝን አልነግራትም፤ የሚነገር ነገር አልቀረም። ገለምሶ ከሄደችም እናቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች እንጂ እኔ አልሰዳትም። የሱቁን ቁልፍ ሰጥቻታለሁ፤ አንተ ብትመጣም ባትመጣም ከእጇ አይወጣም። ልትተዋት ከፈለግህ መጥተህ፣ ፊት ለፊቷ ቆመህ ንገራት። ልትመለስ ከፈለግህም መንገዱ ያው አንድ ነው።

ብስኩቱን ብላው። ንጹሕ ነው፤ እኔም በልቼዋለሁ፣ አቶ ፊሊጶስም ምስክር ናቸው።

በሄድክበት ሁሉ ቀና ሰው ይግጠምህ፤ የሰው አገር እንጀራ አይነቅህ፤ በርህን የሚያንኳኳው ወዳጅ ይሁን። አምላክ በጤና ያቆይህ፤ ዓይንህን ሳላይ አይውሰደኝ።

እናትህ
ወይንሸት

ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 12 ቀን ይውላል። የእናንተ አገር አቆጣጠር ከእኛ ስለሚለይ እንዳይጠፋብህ ብዬ ነው።