በምሳ ግብዣው ላይ ከጎኔ ስለተወሰደው ወንበር

ለክቡር ዶክተር ሩፐርት ሌይኮክ
የዶርካስ ሄልም የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ሊቀ መንበር
ክራግሌይ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በደራሲዋ ሁለት መቶኛ የልደት በዓል ላይ ንግግርዎን ሲያደርጉ ጉሮሮዎ ደርቆ ሁለት ጊዜ ውሃ ሲጠጡ አይቻለሁና፣ እስካሁን ድምፅዎ ተመልሶልዎት እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ዊኒፍሬድ አክሮይድ እባላለሁ፤ የማኅበሩ አባል ነኝ። ይህን የምነግርዎ የግብዣው አስተናባሪ በር ላይ «እርስዎ የማን አጃቢ ነዎት?» ብላ ስለጠየቀችኝ፣ ምናልባት እርስዎም እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እኔና ጓደኛዬ ሙሪየል ሾ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢዎች ነበርን። ሙሪየል ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ገዛችና በምሳ ሰዓት ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። ደራሲዋ ዶርካስ ሄልም፣ ሚስት የባሏ ዕቃ አይደለችም ብላ በመጻፏ ከአባቷ ቤት የተባረረች፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስለ ገረዶችና ስለ ልብስ አጣቢዎች በየስማቸው የጻፈች ሴት ናት። አምስት ሆነን በተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጠን ዳቧችንን እየረሳን እናዳምጥ ነበር። መቃብሯ እዚሁ ከተማ መሆኑን ስንሰማ፣ እኔና ሙሪየል አንድ እሑድ ሄደን እሾሁን በወጥ ቤት መቀስ ቆራርጠን አገኘነው። ማኅበሩ የተጀመረው በዚያን ቀን ነው። እርስዎ የመጡት በስድስተኛው ዓመት ነው፤ ስለ መምጣትዎም ዛሬም ድረስ እናመሰግናለን።

አሁን ሦስት ጥቃቅን ነገሮች እንዳነሣ ይፍቀዱልኝ።

፩. የበዓሉ መጽሔት በገጽ አራት ላይ መቃብሩ «በተመራማሪዎች ያላሰለሰ ጥረት ተገኘ» ይላል። ዕድሜዬን የትራስ ልብስ ስተኩስ ኖሬ በስተርጅና ተመራማሪ መባሌ ትልቅ ክብር ነው። ሙሪየል ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

፪. ሙሪየል ግን የካቲት ላይ አርፋለች። ለማኅበሩ ጸሐፊ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር። «አዝናለሁ፤ ስሟ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አሉኝ። ፊደል በፊደል ነገርኳቸው። ቀብሯ ላይ ቄሱን ጨምሮ አራት ሰዎች ነበርን። ማኅበሩ በዚያው ዕለት ስለ ሴቶች ወዳጅነት ጉባኤ ስለነበረው አለመምጣቱን እረዳለሁ፤ ውይይቱ ሞቅ ያለ ነበር ብለውኛል።

፫. ሙሪየል በጥር፣ ገና በእግሯ ስትሄድ ሳለች፣ ለበዓሉ ምሳ የሁለታችንንም ቦታ አስይዛ ነበር። እናም ካፖርት ከሚሰቀልበት ጥግ፣ ከእኔ ካርድ አጠገብ ስሟ የተጻፈበት ካርድ ቆሞ አገኘሁት። ሳይሰርዟት በመቅረታቸው ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ይባረክ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሾርባው ሲቀርብ አንድ ጨዋ ሰው መጥቶ፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ሰው አለ?» አለኝ። ካርዱን አየሁት። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «የለም» አልኩት። ካርዱን አንሥቶ በአክብሮት እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ወንበሩን ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ይዞት ሄደ። ሾርባው ጨው ይኑረው አይኑረው እስከ አሁን አላውቅም።

ንግግርዎን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዶርካስ ሄልም ማንም ላልሰማቸው ሴቶች ጆሮ እንደሰጠች ሲያብራሩ ግማሹን አዳምጬ፣ ካፖርቴ ቅርብ ስለነበረ ማንንም ሳልረብሽ ወጣሁ። በአውቶቡስ መቃብሩ ድረስ ሄጄ የምንወደውን ምዕራፍ ልጀምር መጽሐፉን ገለጥኩት። አንድ ገጽ ካነበብኩ በኋላ ቀና አልኩ፤ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ሙሪየል «ቀስ በይ፣ አታሩጪው» ትለኝ ነበር። ዝናብ ጀመረ፤ ዘጋሁት።

የምጽፍልዎ ከንዴት ብቻ እንዳይመስልዎት። ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ ለማንበብ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ የራሴ ድምፅ ያስደነግጠኛል። ስለዚህ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት አስፈቅጄ፣ ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት እንደማነብ የሚገልጽ ወረቀት ለጠፍኩ። በመጀመሪያው ሐሙስ ማንም አልመጣም፤ ለማሽኖቹ አነበብኩላቸው። በሁለተኛው አንዲት ሴት ብርድ ልብሷ እስኪደርቅ ስልኳን እየነካካች ተቀምጣ ነበር። ያሰለቸኋት መስሎኝ አቆምኩ። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ይቀጥሉ እንጂ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል» አለችኝ። የማድረቂያው ደወል ከጮኸም በኋላ ምዕራፉ እስኪያልቅ አልተነሣችም።

እንግዲህ ማኅበሩ በሚሰበሰብበት በሐሙስ ቀን ሥራ ስለያዝኩ ስሜን ከአባላት መዝገብ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ማኅበሩ እንዲሰፋ፣ አዳራሽዎም ወንበር እንዳይጎድልበት እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ዊኒፍሬድ አክሮይድ
ጡረተኛ አንሶላ አጣቢ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ባሠሩት አዲስ የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው የልደት ዓመት የዶርካስ ሄልም አይደለም። የታናሽ ወንድሟ የኤድመንድ ነው፤ እሷ በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። ሙሪየል ይህን ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ገልብጣ ልካልዎት ነበር፤ መልስ አልደረሳትም። ስለዚህ የእሷን ሁለት መቶኛ ዓመት እኔና ሙሪየል ከሦስት ዓመት በፊት ሁለታችን ብቻ አክብረነዋል። የዘንድሮው የኤድመንድ ነበር፤ እንኳን አደረሰው።