በአማርኛ የሚናገር ጨዋታ

ውድ ወንድሜ መርስዔ ኀዘን፣

ስልክ አላነሣም ስላልህ ወደ ወረቀት ሄድሁ። ይህን የሚያነብልህ አንዳርጋቸው ነው፤ አንድ ቃል ሳይዘል እንዲያነብልህ አስምዬዋለሁ። የእኔና የአንተን ወሬ ሰው ሲሰማው እንደማትወድ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ? ደግሞ አንዳርጋቸው ባዳ አይደለም፤ ዓይንህ ደኅና ሳለ ጌም ቤት እያሸነፍኸው ሲነጫነጭ የኖረ ጓደኛህ ነው።

አባታችን ደኅና ናቸው። ካህናቱ ስላንተ ሲጠይቋቸው “ቁንዝላ አክስቱ ዘንድ ነው” ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ግላኮማው ዓይንህን ከወሰደው በኋላ ከክፍልህ መውጣት ተውህ። ዩኒቨርሲቲውም ቀረ። አባታችን “ወደ ዜማ ቤት ተመለስ፤ ስንቱ ሊቅ ሳያይ አስተምሯል” ሲሉህ “አባቴ፣ ዓይኔ ጠፋ እንጂ ሐሳቤ አልተለወጠም። በፊት ያልወደድሁትን አሁን ለምን እወዳለሁ?” አልሃቸው። ከዚያ በኋላ ብዙም ስትናገር አልሰማሁህም፤ ያን ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይቼ እስካነበብሁልህ ድረስ። “ለዓይነ ስውራንም የሚሆን፣ በአማርኛ የሚናገር የእግር ኳስ ጨዋታ” ይላል። “እታለም፣ እስቲ ድገሚው” አልኸኝ።

ሱቁ ስንሄድ ሻጩ ደግሞ አፉ ማር ነበር። “ኳሱ በየት በኩል እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ በረኛው የት እንደቆመ፣ ሁሉንም ይነግርሃል” አለህ። ገዝተን ዘንዘልማ እስክንደርስ ባጃጁ ውስጥ ካርቶኑን ለማንም አልሰጥም ብለህ ታቀፍኸው። ቤት ስንከፍተው “ጀምር” አለ፤ “ቡድን ምረጥ” አለ። ጨዋታው ሲጀመር ግን የተመልካች ጩኸት ብቻ ሆነ። አንተ “ያልነካሁት ነገር ይኖራል” እያልህ ስትደባብሰው ከረምህ። የሌለ ነገር ስትፈልግ እያየሁ፣ የለም ልልህ አልደፈርሁም። በመጨረሻ ይዘንላቸው ስንሄድ ሻጩ “ይናገራል ነው ያልነው፤ የቱን የቱን እንደሚናገር አልጻፍንም” አለን።

እንክሰስ ያልኸው አንተ ነህ። አባታችን “ልጄ፣ ሙግት የገባ ሰው ቢረታም ሰላሙን አጥቶ ነው የሚወጣ” ሲሉህ “ለእኔ ብዬ አይደለም፤ ለሌላ ዓይነ ስውር እንዳይሸጡለት ነው” አልህ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ራፖር ጸሐፊው ማመልከቻውን ሲጽፍልን እያንዳንዱን ቃል ስታርመው አይቼ፣ ወንድሜ ተመለሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ችሎት ግን ከልቤ ማውጣት አልቻልሁም። የድርጅቱ ጠበቃ መሣሪያውን አምጥቶ “ከሳሹ ራሱ ያሳየን” አለ። ጆይስቲኩን ሰጡህ። “ጀምር” አለ መሣሪያው፣ በአማርኛ። “ይኸው፣ ተናገረ” አለ ጠበቃው። ከኋላ ሰው ሳቀ። አንተ መጫወትህን አላቆምህም። ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ፣ ጎል ገብቶብህ፣ ሳታውቀው ወደ ባዶ ሜዳ ትሮጣለህ። ዳኛዋ “ይበቃል ልጄ፣ ተቀመጥ” አሉህ። ቆመህ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሩን ነግሮኛል፤ ቤቱን ግን አልነገረኝም” አልህ። ያኔ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ቢሆንም ተረታን። ሻጩ በቃል የነገረንን ከእኔ ከእህትህ በቀር የሰማ ምስክር የለም። የተጻፈው “ለዓይነ ስውራንም የሚሆን፣ በአማርኛ የሚናገር” ነው፤ መሣሪያው ይናገራል፤ ከሳሹም ሲጫወትበት ታይቷል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው አላሳሳተም ተባለ። እኔ ይግባኝ አልሁ። አንተ “ሁለተኛ ሰው ፊት አልጫወትም” ብለህ በማግሥቱ ወደ ቁንዝላ ጀልባ ተሳፈርህ።

አሁን የጻፍሁበትን ነገር ልንገርህ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። አንተ በሄድህ ሰሞን ሱቁ “ለዓይነ ስውራንም” የሚል አዲስ ባነር ሰቀለ። ባነሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። የገዛን ዕለት ሻጩ እጅህ ላይ ሲያኖረው መሣሪያው “እንኳን ደኅና መጣህ” ብሎህ አልነበር? ያኔ ሳቅህ። ለካ ፎቶ አንሥተውሃል። ፊትህ ከሱቁ በር ይበልጣል። ገብቼ “አውርዱት” አልሁ።

“ፍርድ ቤት ማስታወቂያው ትክክል ነው ብሏል” አለኝ ሻጩ።

“ፊቱስ? ማንን አስፈቅዳችሁ ነው?”

“እሱን ራሱ መጥቶ ይጠይቀን።”

ጠበቃ ጠየቅሁ። በፎቶው መክሰስ ይቻላል አለኝ፤ ግን አንተ ቀርበህ ውክልና ካልሰጠኸኝ እኔ ምንም አይደለሁም። ልጽፍልህ ስነሣ ደግሞ እናታችንን አገኘኋት። ጊዮርጊስ ስማ ስትመለስ ከሱቁ ማዶ ቆማለች።

“እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ልጄን እያየሁት ነው” አለችኝ። “ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ብታስነሺው አልቀየምሽም። ቀኑን ግን አትንገሪኝ።”

እጄን አጣጥፌ ተውሁት። ትናንት ግን አንድ ሰውዬ ዓይነ ስውር ሴት ልጁን እየመራ ወደ ሱቁ ሊገባ ሲል ደረስሁ። ልጅቷ ነጠላዋን አሳምራ ለብሳለች፤ እንደ ሠርግ ቤት። ሮጬ “አባቴ፣ አይግዙ፤ ጨዋታውን አይነግራትም” አልሁት። ሰውየው ቀና ብሎ ባነሩን አየ።

“ይህ ልጅ እንዳንቺው የማያይ ነው” አላት ልጁን። “እንዴት እንደሚስቅ ባየሽው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “እሱ የሚስቀው ምን ሆኖ ነው ታዲያ?” አለኝ።

ወንድሜ ነው ሳልለው ቀረሁ። ይዟት ገባ።

ና አልልህም። እንዳትመጣም አልመኝም። የቱ ትክክለኛ ፍርድ እንደሆነ ጠፍቶኛል፤ ባነሩን አስነሥቶ እናቴን ማስለቀስ ይሁን ትቶት ያችን ልጅ መክዳት። ብቻ እኔ ከእንግዲህ በዚያ መንገድ አላልፍም፤ ዙሪያውን እሄዳለሁ። አንዳርጋቸው አንብቦ ሲጨርስ መልስ ከሌለህ አታስጨንቀው፤ ዝም ብለህ ሸኘው።

ሐይቁ ማዶ ሆና የምታስብህ እህትህ፣
ፅጌ ማርያም
ከዘንዘልማ