የደጀን ኮት ቀኝ እጅጌ

ሐምሌ 12፣ 2013
ዝናብ... እትዬ ዘነበች ከመርሳ ጥቁር ጨርቅ ገዝተው መጡ። የልጃቸው የደጀን ሠርግ ጥር ላይ ነው። ኮት ስፋለት አሉኝ።
"ዋናው ከፋይ ነው፣ ዮሐንስ።"
ገለበጥኩት። ጀርባው እንደ ካኒቴራ። ሳብኩት፣ ተለጠጠ።
"ቬሎር ነው፣ እትዬ። የቢጃማ ጨርቅ። ከፋይ ቢስቡት ንቅንቅ አይልም።"
"ሲዳሰስ አንድ አይደል?"
"ሙሽራው ሊተኛበት ከሆነ ይሁን።"
ተቀየሙኝ። ደጀን ግን ሳቀ። ከራሴ ከፋይ ልሠራለት ተስማማን። ቬሎሩን ለስፌት መኪናዬ አለበስኩት። ለአቧራ መቼ አነሰ!

ሐምሌ 27
ደጀን ከሚሊሻው ጋር ዘመተ። እናቱ ሱቅ መጡ። "ጨርሰው፣ ሲመጣ ይለብሰዋል። አብሽር" አሉኝ። እኔን! ማን ነበር ማንን ማጽናናት የነበረበት?

ነሐሴ 2
ጨረስኩ። ፀሐይ ላይ ብሰቅለው ቀኝ እጅጌው ግራጫ መሰለ። የከፋዩን ጸጉር አቅጣጫ ገልብጬ ቆርጬዋለሁ... ሃያ ዓመት ሌላውን ሳስተምር የኖርኩትን። መቀየሪያ ጨርቅ የለም። ለማን ይነገራል? እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ነሐሴ 6
ከተማው ተያዘ። ኮቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ቤት ወስጄ የከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ለከፋይ መደበቂያ አይጠፋም። ለሰው ነው የጠፋው።

ታኅሣሥ 12፣ 2014
ከተማው ተለቀቀና ሱቄን አየሁ። በሩ ተሰብሯል። ካውያ የለም፣ መቀስ የለም፣ የሰው ሱሪ የለም። የስፌት መኪናዋ ከብዳቸው ቀርታለች። ቬሎር ልብሷም አለ። ሌባም እንደኔ ናቀው።
የደጀን ወሬ የለም። እትዬ ዘነበች ሲያልፉ አቀረቀርኩ።

ጥር 6
መጣ! ከስቷል፣ ግን ቆሞ ይሄዳል። ቀኝ ክንዱ ታጥፎ በጀሶ ታስሯል። ሠርጉ አይዘገይም ብሏል።
ኮቱን አለካነው። ቀኝ እጅጌው አልገባም። ከፋይ ነዋ... ንቅንቅ አይልም። እናቱ የመኪናዬን ልብስ፣ ያንን ቬሎራቸውን፣ ሳብ አድርገው ለቀቁት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 14
ነገ ሠርግ ነው። ቬሎሩን አጥቤ፣ የከፋዩን እጅጌ ፈትቼ በምትኩ ሰፋሁት። "የፈታሁትም ጸጉሩ ተገልብጦ የተቆረጠ ነበር" አልኳቸው እትዬ ዘነበችን። "ዓይቼዋለሁ" አሉ። መቼ? አልጠየቅኩም።
ጀሶው ላይ ተለጥጦ ገባ። ደጀን መስታወቱ ፊት ቆመ። እናቱ ሁለቱንም እጅጌ ቀስ ብለው ዳበሱ።
"የቱ ነው ዋናው፣ ዮሐንስ?"
ያውቁታል እኮ።
"የገባለት፣ እትዬ።"